ከድስቱ በፊት፦ የወፍ ጉንፋን ስጋትና የምግባችን ደኅንነት

በየካቲት 1998 ዓ.ም. የቅበላ ሰሞን ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ዶሮ ይወደዳል፣ ገዢና ሻጭ በዋጋ ይሟገታሉ። በዚያ ዓመት ግን ገዢው ከዶሮ ተራ ራቀ። በወሩ መጀመሪያ ናይጄሪያ በካዱና ግዛት በሚገኝ አንድ እርሻ የወፍ ጉንፋን መግባቱን አስታወቀች፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግብፅ ተከተለች። ወዲያው ደግሞ በጉራጌ ዞን፣ ጉብሬ በሚገኘው የመንግሥት የዶሮ ማባዣ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች አለቁ የሚል ዜና ተሰማ። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ዶሮዎቹን የፈጀው የወፍ ጉንፋን አልነበረም። ይሁንና ከምርመራው ውጤት ወሬው ቀድሞ ገበያውን አዳርሶት ነበር። የዶሮና የእንቁላል ፈላጊ ቀነሰ፣ ዋጋም ወደቀ። ዶሮ ሸጣ ጨውና የልጅ ደብተር የምትገዛው የገጠር እናት የማታውቀውን ዕዳ ከፈለች።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል። በሽታው ከእስያ ተነሥቶ አውሮፓን፣ አፍሪካንና አሜሪካን አዳርሷል፤ ከወፍ አልፎ ወደ ላም ገብቷል። በየጊዜው ዜናው ሲሰማ ከየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፦ ዶሮ ይበላል ወይስ ይቅር? እንቁላሉስ? ወተቱስ? ይህ ዳሰሳ ባለፉት ዓመታት የተገኘውን እውቀት ሰብስቦ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል። የጸሐፊውን ድምዳሜ ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሕዝብ መፍራቱ ትክክል ነው፤ የሚፈራበት ቦታ ግን ተሳስቷል። ሰው ሁሉ ዓይኑን በገበታው ላይ ሲተክል፣ አደጋው ያለው ከድስቱ በፊት ባሉት ሰዓታት፣ በእርዱና በላባ ነጨታው ላይ ነው።

ስሙና በሽታው

አስቀድሞ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «የወፍ በሽታ» ሲባል ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ዓይንንና ቆዳን ብጫ የሚያደርገው ሕመም ነው። እርሱ ከጉበት ጋር የተያያዘ ነው፤ ከወፍ ጉንፋን ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። በሌላ በኩል ዶሮ አርቢው ሁሉ የሚያውቀው ፈንግል አለ። ፈንግል መንደር ከገባ በጥቂት ቀናት ቆጡን ባዶ ያደርጋል። እርሱም የራሱ ቫይረስ ያለው ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባትም አለው። ችግሩ ፈንግልና ኃይለኛው የወፍ ጉንፋን በዓይን ሲታዩ እጅግ መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም ዶሮን በድንገት በጅምላ ይፈጃሉ። ስለዚህ «ይህ ፈንግል ነው፣ የለመድነው ነው» ብሎ መተኛትም፣ «የወፍ ጉንፋን ገባ» ብሎ መጮህም ከላቦራቶሪ በፊት ግምት ብቻ ነው።

የወፍ ጉንፋን ቫይረሶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ዓለምን ያስጨነቀው ኤች5ኤን1 የተባለው ነው። የዛሬው ዝርያ ሐረጉ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ግዛት ከታመመ ዝይ ከተገኘው ቫይረስ ነው። በዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ፤ መንግሥትም በጥቂት ቀናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችን አስወገደ። በ2003 ማብቂያ በቬትናምና በታይላንድ ዳግም ፈነዳ። በ2005 በቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎች ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው ድንበር በማያውቁ ክንፎች መጓዝ ጀመረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2003 ወዲህ ከ950 በላይ ሰዎች በዚህ ቫይረስ መያዛቸውን መዝግቧል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሞተዋል። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ በሽታው የያዘውን ሰው ክፉኛ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ዶሮና እንቁላል ሲበላ የተያዘው ሰው አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነው። በየዕለቱ በሚበላው የበሰለ ምግብ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እዚህ ላይ ባልቆመ ነበር። ከሰው ወደ ሰውም እንደ ተራ ጉንፋን ሲዛመት እስካሁን አልታየም። ታዲያ እነዚህን ሰዎች ያገኛቸው የት ነው?

ሰውን የሚያገኘው የት ነው?

መልሱን ከግብፅ እንጀምር። በሰው ላይ የተመዘገበ የኤች5ኤን1 ሕመም በብዛት የታየው በዚያች አገር ነው፤ ከ350 በላይ ሰዎች ታመው 120 ያህሉ ሞተዋል። ከታመሙት መካከል ሴቶችና ሕፃናት በርከት ብለው ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በግብፅ መንደሮችና በካይሮ ጣሪያዎች ላይ ዶሮና ዳክዬ የምትመግብ፣ ቤታቸውን የምትጠርግ፣ የምታርድ፣ ላባ የምትነጭና ሆድ ዕቃ የምታወጣ ሴቲቱ ናት፤ ልጆቹም ከሥሯ አይጠፉም። በጥር 2006 በምሥራቅ ቱርክ ሰዎች ሲታመሙም አብዛኞቹ ከዶሮ ጋር የሚውሉ ልጆች ነበሩ። በቅርቡ በካምቦዲያ በተከታታይ የታመሙት ሰዎችም አብዛኞቹ የታመመ ወይም የሞተ የጓሮ ዶሮ የነኩ፣ ያረዱ ወይም ለማብሰል ያዘጋጁ ናቸው።

የታመመች ዶሮ ቫይረሱን በአፍንጫ ፈሳሽዋና በኩስዋ ታፈሳለች፤ ደምዋና ሥጋዋም ንጹሕ አይደለም። ስትታረድ ትራገፋለች፣ ደም ይረጫል። ላባዋ ሲነጭ አቧራና ጠብታ ይነሣል፤ ሆድ ዕቃዋ ሲወጣ እጅ ይነከራል። ያን እጅ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫ ወይም ወደ አፍ ማስጠጋት ይበቃል። በምግብ በኩል የመጣ ነው ተብሎ በጥርጣሬ የተያዘውም ጥሬው ምግብ ነው። በቬትናም ከጥሬ የዳክዬ ደም የሚሠራ ባህላዊ ምግብ አለ፤ እዚያ ከታመሙት የጥቂቶቹ ሕመም ከዚህ ጋር ተያይዟል። በጥቅምት 2004 በታይላንድ በአንድ የነብር ማቆያ ጥሬ የዶሮ ሬሳ የተመገቡ ነብሮች ታመው፣ የሞቱትና እንዲወገዱ የተደረጉት 147 ደረሱ። ጥሬ ሥጋ ቫይረሱን ወደ ሆድ እንደሚያስገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት በግልጽ መነጋገር ይገባል። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በከት አይበላም። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ለሰው ምግብ አይሆንም፤ ይህ የሃይማኖት ሥርዓት ለጤናም ደግ አጥር ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ይኸው አጥር ሌላ ችኮላ ይፈጥራል። ዶሮዋ ስታንቀላፋ፣ ክንፍዋን ስትጥል፣ «ሳትሞት ቶሎ ቢላ አምጡ» ይባላል፤ ወይም ቶሎ ወደ ገበያ ትወሰዳለች። ድሃ ቤተሰብ ያለችውን ንብረት ከብክነት ለማዳን ያደረገው ነውና ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ይሁንና ቫይረሱ በሰውነትዋ ሞልቶ የሚፈሰው በዚያች ሰዓት ነው። በከት እንዳትሆን ተብላ የታረደች የታመመች ዶሮ፣ ከወጡ ይልቅ አራጁንና ነጪዋን ታስፈራለች።

ድስቱ ምን ያደርጋል?

ስለ በሰለ ምግብ ሳይንሱ የሚናገረው አያሻማም። ቫይረሱ ሙቀት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሁሉም የሥጋው ክፍል 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ነው፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ለጥንቃቄ 74 ይላሉ። ቴርሞሜትር የሌለው ቤት በዓይኑ ይለካል፦ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው ሥጋ ቀይ መሆኑ ከቀረ፣ የሚወጣው ፈሳሽም ከጠራ በስሏል።

በዚህ መለኪያ ዶሮ ወጥ ከምግቦች ሁሉ አስተማማኞቹ መካከል ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲበስል፣ ብልቶቹ ገብተው ሲንተከተኩ የሚያልፈው ጊዜና ሙቀት ቫይረሱን ደጋግሞ ይገድለዋል። እንቁላሉም ተቀቅሎ ጠንክሮ ነው የሚገባው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በችኮላ ለተጠበሰው፣ ውጪው ቀልቶ ውስጡ ደም ለሚያሳየው ጥብስ ነው።

እንቁላል ለብቻው ሊነሣ ይገባል። ከታመመች ዶሮ በተወሰደ እንቁላል ቫይረሱ በቅርፊቱም፣ በነጩም፣ በአስኳሉም ተገኝቷል። ደግነቱ ኃይለኛው በሽታ የያዛት ዶሮ ቶሎ መጣል ታቆማለች፣ ቶሎም ትሞታለች። ቢሆንም በሽታ ባለበት አካባቢ አስኳሉ ያልረጋ እንቁላል መብላት፣ ጥሬውን ከወተት ጋር መትቶ መጠጣት ተገቢ አይደለም። ለዚህ ምክር የወፍ ጉንፋንን መጠበቅም አያስፈልግም። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከእንቁላልና ከዶሮ ሥጋ እየተነሣ በየዓመቱ ዓለምን ያሳምማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ የሚታመመው ሰው በዓመት 600 ሚሊዮን፣ የሚሞተው 420 ሺህ ነው። የወፍ ጉንፋን ዜና ያስደነገጠው ሰው የዘወትሩን የወጥ ቤት ጥንቃቄ ቢይዝ፣ ከማያውቀው ጠላት ጋር የሚያውቀውንም ጠላት ይከላከላል።

ሁለት ልማዶቻችንም መታየት አለባቸው። አንደኛው ማቀዝቀዣ ነው። ብርድ ቫይረሱን ያቆየዋል እንጂ አይገድለውም። በ2001 ደቡብ ኮሪያ ከቻይና ባስገባችው በበረዶ የቀዘቀዘ የዳክዬ ሥጋ ላይ ቫይረሱ ተገኝቷል። ሁለተኛው እጥበት ነው። የሐበሻ ባለሙያ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግማ ካላጠበች ወጥ ሠራሁ አትልም። የውጭ አገር የጤና መሥሪያ ቤቶች ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላሉ፤ የሚረጨው ውሃ ጀርም ያዛምታልና። እናቶቻችንን ይህን ልማድ ተዉ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ግን ማወቅ ያለብን አለ፦ ሎሚው ጠረኑን ያጠፋል፣ ቫይረሱን የሚገድለው ግን እሳቱ ነው። ስለዚህ እጥበቱ በጥልቅ ዕቃ፣ ውሃው ሳይረጭ፣ ሰላጣና እንጀራ ከሌለበት ይሁን። የታጠበበት ውሃ ዶሮዎች በሚለቅሙበት ጓሮ አይደፋ። ቢላዋውና መክተፊያው በሳሙና ሳይታጠቡ ቃሪያና ቲማቲም አይቁረጥባቸው። እጅም እንዲሁ።

ከወፍ ወደ ላም

እስከ 2024 ድረስ ላም የዚህ ታሪክ አካል ትሆናለች ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በቴክሳስና በካንሳስ የወተት ላሞች ላይ ኤች5ኤን1 መገኘቱን አስታወቀ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከ1,000 በላይ መንጋዎች ተያዙ፤ ከሁሉ የከፋው በካሊፎርኒያ ነበር። ላሟ እንደ ዶሮ አትሞትም፤ መብላት ትቀንሳለች፣ ወተቷ ይወፍርና ይቀንሳል። ቫይረሱ የሰፈረው ግን በጡቷ ውስጥ ነው፤ ወተቱ በቫይረስ ይሞላል። በቴክሳስ በአንድ የወተት እርሻ ጥሬ ወተት ከጠጡ ሃያ አራት ያህል ድመቶች ከግማሽ በላይ ሞቱ። በሽታው ከላም ወደ ሰው በብዛት ያለፈውም በአላቢዎች ላይ ነው፤ ወተቱ ወደ ዓይናቸው ሲረጭ። አብዛኞቹ ዓይናቸው ቀልቶ በቀላሉ ዳኑ። በጥር 2025 በሉዊዚያና የሞቱት አንድ አዛውንት ግን የተጋለጡት ለጓሮ ዶሮና ለዱር ወፎች ነበር።

ሸማቹ ወተት ልተው ወይ ሲል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከየሱቁ 297 የወተት ተዋጽኦ ናሙናዎችን መረመረ። ከአምስቱ በአንዱ የቫይረሱ ስባሪ ተገኘ፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ ግን በአንዱም አልነበረም። ፓስቸራይዝድ ማድረግ፣ ማለትም ወተቱን 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ማቆየት፣ ሥራውን ሠርቷል። በሥጋ በኩል ደግሞ ከ96 ለእርድ ከቀረቡ የወተት ላሞች በአንዲቷ ሥጋ የቫይረሱ ምልክት ተገኘ፤ ያ ሥጋም ለገበያ አልወጣም።

ይህ ለእኛ የሚናገረው አለ። ጥሬ ወተትን እንደ ንጹሕ፣ የፈላውን እንደ ተጎዳ የሚቆጥር ብዙ ሰው በከተማም በገጠርም አለ። በአሜሪካም ጥሬ ወተት የጤና ምንጭ ነው የሚል እምነት ተስፋፍቷል፤ በሽታው በላሞች ላይ በተነሣበት ዓመት እንኳ ፈላጊው አልጠፋም። በኢትዮጵያ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከጥሬ ወተት ጋር ወደ ሰው እንደሚገቡ ከታወቀ ቆይቷል። ከላም ቤት የመጣን ወተት አፍልቶ መጠጣት ለአዲሱ ስጋትም ለአሮጌዎቹም አንድ መልስ ነው፤ ከአንድ ክብሪትና ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስወጣም።

ፍርሃት ገበያ ሲወጣ

የሕዝብ ስጋት የራሱ ታሪክ አለው። በየካቲት 2006 የሞቱ የዱር ወፎች በጣሊያን በተገኙ ሰሞን የአገሪቱ የዶሮ ፍጆታ በ70 በመቶ ወረደ፤ ያን ጊዜ በጣሊያን በዚህ በሽታ የታመመ አንድ ሰው አልነበረም። በናይጄሪያ ዜናው ከታወጀ በሁለት ሳምንት ውስጥ የዶሮና የእንቁላል ሽያጭ 80 በመቶ ያህል ወደቀ። በካይሮ የሞቱ ዶሮዎች ወደ ዓባይና ወደ መስኖ ቦዮች ተጥለዋል ተብሎ ሕዝቡ የቧንቧ ውሃ ፈርቶ የታሸገ ውሃ ሊገዛ ተሻማ።

ባለሥልጣናት ይህን ፍርሃት ለማብረድ ብዙ ጊዜ የመረጡት መንገድ በሕዝብ ፊት ዶሮ መብላት ነው። በ1997 የሆንግ ኮንግ የጤና ኃላፊ የነበሩት፣ ኋላም የዓለም ጤና ድርጅትን የመሩት ዶክተር ማርጋሬት ቻን ዶሮ በየቀኑ እንደሚበሉ ለሕዝብ ተናግረው ነበር፤ ንግግሩ ለብዙ ዓመት ሲያስወቅሳቸው ኖረ። በ2004 የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ ባንኮክ ላይ ለሕዝብ ነፃ የዶሮ ግብዣ አደረጉ። መልእክቱ፣ የበሰለ ዶሮ አይጎዳም የሚለው፣ እውነት ነበር። ነገር ግን መንግሥታቸው በሽታው አገር ውስጥ መግባቱን ያመነው ሳምንታት ካስተባበለ በኋላ ነበርና ሕዝቡ በግብዣው ለመጽናናት ተቸገረ። ሰው የሚያምነው ክፉውን ዜና ሳይደብቅ የነገረውን ነው። ትናንት የደበቀ ዛሬ እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል?

በሌላ በኩል በሽታው ያለ ፍርሃትም ኪስ ይዳስሳል። በአሜሪካ ከ2022 ወዲህ ከ160 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች፣ የቱርክ ዶሮዎችና ዳክዬዎች በበሽታው ሞተዋል ወይም እንዲወገዱ ተደርጓል። በመጋቢት 2025 የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ገባ፤ በታሪክ ከፍተኛው ነው። ወሩ የሁዳዴ ወር ነበር፤ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለፋሲካው ዶሮ ወጥ እንቁላል ሲያስቡ ይህ ዋጋ ነበር ፊታቸው ላይ የቆመው። ፍርሃት ባለበት አገር ዋጋ ይወድቅና አርቢው ይከስራል፤ መንጋ ባለቀበት አገር ዋጋ ይሰቀልና በላተኛው ይቸገራል። በሁለቱም በኩል ጉዳቱን አስቀድሞ የሚቀምሰው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። እንቁላል ከርካሾቹ የፕሮቲን ምንጮች አንዱ ነውና፣ ከልጆች ሳህን ሲወጣ የሚተካው አይገኝም። ባልተጨበጠ ስጋት ከምግብ መራቅም ራሱ የምግብ ደኅንነት ችግር ነው።

በእኛም አገር ታሪኩ ተደግሟል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ አካባቢ ባሉ እርባታዎች ዶሮዎች በብዛት ሲሞቱ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮ ዝውውር ለጊዜው እንዲታገድ አደረገ፤ የወፍ ጉንፋን ነው የሚለው ወሬም ተናፈሰ። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። ሁለት ጊዜ ማንቂያው ተደውሎ ሁለት ጊዜም ሌላ በሽታ መሆኑ ደግ ነገር ነው። ሦስተኛው ሲደወል «የተለመደው ነው» ካልን ግን ይህ ዕድል ወጥመድ ይሆንብናል።

በሽታውን የደበቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ከወፍ ጉንፋን ጋር የታገሉ አገሮች ሁሉ የተማሩት ይህንኑ ነው። አርቢው ዶሮዎቹ መታመማቸውን ሲናገር መንጋው ሁሉ ይወገዳል፤ ካሳ ካላገኘ ለምን ይናገራል? ናይጄሪያ በ2006 ለአንድ ዶሮ 250 ናይራ ካሳ ወሰነች፤ አርቢዎቹ ከዋጋው በታች ነው ብለው አማረሩ። ካሳው ካነሰ ወይም ከዘገየ የታመመው መንጋ ሌሊት በጭነት መኪና ወደ ገበያ ይጓዛል፣ በሽታውም አብሮት። ስለዚህ ፈጣንና ፍትሐዊ ካሳ ለአርቢው የሚደረግ ምጽዋት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ለበላተኛው የሚገዛ ዋስትና ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከገበያው ነው። ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ላይ የሚታጎሩበት፣ ያልተሸጡት ለነገ የሚያድሩበት ገበያ ለቫይረሱ ማደሪያው ነው። ሆንግ ኮንግ ከ2001 ጀምሮ ገበያዎቿ በየወሩ ባዶ ሆነው የሚጸዱበት ቀን ወሰነች፤ በ2008 ደግሞ ዶሮ በገበያ ማሳደር ከለከለች። በ2013 ኤች7ኤን9 የተባለ ሌላ የወፍ ጉንፋን በቻይና ሰዎችን ሲገድል በሻንጋይና በአጎራባች ከተሞች የቁም ዶሮ ገበያዎች ተዘጉ፤ በየከተማው የአዲስ ታማሚ ቁጥር ከ97 በመቶ በላይ ወረደ። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ የበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ገበያዎቻችንን መዝጋት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የውሃ ቧንቧ፣ የሚታጠብ ወለል፣ ለሻጩ እጅ መታጠቢያ፣ በሳምንት አንድ የጽዳት ቀን ግን የማዘጋጃ ቤት አቅም የሚችለው ነገር ነው።

ስጋቱ ለእኛ እውን ነው?

አዎ። የኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ዝዋይ፣ አብያታ፣ ሐዋሳ፣ በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች የሚከርሙባቸው ናቸው። በታኅሣሥ 2021 በሰሜን እስራኤል በሁላ ሸለቆ ከ5,000 በላይ የክሬን ወፎች በኤች5ኤን1 ሞቱ፤ በአቅራቢያው ባሉ እርባታዎችም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ተወግደው በአገሪቱ የእንቁላል እጥረት ተከተለ። በዚያ ሸለቆ የሚያርፉት ክሬኖች ከፊሎቹ ጉዟቸውን ቀጥለው የሚከርሙት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ጅቡቲም በ1998 ዓ.ም. በሽታውን አይተዋል፤ በጅቡቲ አንዲት ሕፃን ታማ ነበር።

አገራችን ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎች አሏት፤ አብዛኞቹ በየጓሮው የሚለቅሙ፣ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። ናሙና የሚመረምረው በሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ የዶሮ ክትባት የሚያመርተው የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩትም አለ። አቅም የሌለን ሕዝብ አይደለንም። የሚጎድለው ከጓሮ እስከ ላቦራቶሪ ያለው ሰንሰለት ነው፤ ያ ሰንሰለት ደግሞ የሚጀምረው ሁለት ሦስት ዶሮ ሞታባት ለማን እንደምትናገር በምታውቅ እናት ነው። ፈንግልን በጊዜው መከተብም ራሱ ቅኝት ነው፤ የተከተበ መንጋ በድንገት ሲያልቅ «ይህስ ፈንግል አይሆንም» ብሎ ለመጠርጠር ያስችላል።

እንግዲህ ለግብርና መሥሪያ ቤቶች፦ ጥርጣሬ ሲኖር ቶሎ ተናገሩ፣ ውጤት ሲመጣም እንዲሁ፤ ሕዝብ ከወሬ የሚድነው በቀደመ እውነት ነው። ካሳውንም በሽታው ከመምጣቱ በፊት ወስኑ። ለማዘጋጃ ቤቶች፦ ለዶሮ ተራ ውሃ አስገቡ። ለዶሮ አርቢዎች፦ አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ ከነባሮቹ ለይታችሁ አቆዩ፤ በብዛት ሲሞቱባችሁ ሬሳውን ወደ ወንዝና ወደ መንገድ አትጣሉ፣ ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ፣ በጥልቀት ቅበሩ።

ለአንባቢም አንድ ቃል። ለበዓል ዶሮ ስትገዙ ንቁዋን ምረጡ። ለሚያርደውና ላባ ለምትነጨው፣ እናት ትሁን እህት ወይም የቤት ሠራተኛ፣ ጓንት ግዙላት፤ ባይገኝ እንኳ ላስቲክ በእጅዋ ላይ እሰሩላት፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ትሸፍን፣ ሳሙናና ውሃ አቅርቡላት፣ ልጆቹን ከአጠገቧ አርቁ። ከገበታው ዙሪያ ለተቀመጥነው ሁሉ አደጋውን አስቀድማ የምትቀበልልን እርስዋ ናትና። በሚገባ የበሰለውን ወጥ አትፍሩት፤ የታመመችውን ዶሮ ለማረድ ግን አትቸኩሉ።